ለእናቴ 70ኛ ዓመት ልደት፦ የቡናውን ሥርዓት በፎንዳንት ቅርጽ በጾም ኬክ ላይ ለመሥራት ምክር እሻለሁ

የመጨረሻዋ ልጅ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ታኅሣሥ 12 ቀን 70 ዓመት ይሞላታል። እኅቶቼና ወንድሞቼ የድግሱን ዝግጅት ተከፋፍለው ኬኩን ለእኔ ተዉልኝ፤ እኔም በደስታ ተቀበልኩ። በቤቴ ኬክ መጋገር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ለልጆቼ ልደትም ለጎረቤት ክርስትናም ጋግሬ አውቃለሁ። ሆኖም እስካሁን ያስጌጥኩት ሁሉ በክሬምና በፍራፍሬ ነበር እንጂ በፎንዳንት፣ ማለትም እንደ ሊጥ በሚዳመጥና ቅርጽ በሚይዝ የስኳር ጌጥ፣ ለመሥራት የሞከርኩት ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። 25 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ክብ ኬክ በነጭ ፎንዳንት ይሸፈናል። በላዩ ላይ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች፣ ነጠላዋን ያጣፋች ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ስታፈላ ትታያለች፤ ከፊቷ ረከቦት ከነስኒዎቹ፣ ከጎኗ ጀበና በማቶቱ ላይ፣ ከሥሩ ደግሞ የተጎዘጎዘ ቄጤማና የተበተነ ፈንድሻ ይኖራል። ይህን የመረጥኩት ከልጅነታችን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው፣ የተጣላም ሆነ የታረቀ፣ የሚገናኘው በእናቴ ቡና ላይ ስለነበር ነው፤ ኬኩን ባየች ጊዜ ራሷን እንድታይበት እፈልጋለሁ።

ቀኑ የሚውለው በገና ጾም ውስጥ ነው፤ እናቴም ጾሟን በምንም ምክንያት የምትሽር ሴት አይደለችም። ስለዚህ ኬኩም ጌጡም የጾም መሆን አለበት። እኔ ግን ለሙከራ ያቦካሁት ከማርሽማሎውና በቤቴ ከፈጨሁት ስኳር ነበር፤ ማርሽማሎው ውስጥ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራው ጄላቲን እንዳለ የተረዳሁት ከሠራሁት በኋላ ማሸጊያውን ሳነብ ነው። ከዚህ ሊጥ ግማሽ ኪሎ ያህል ወስጄ እንዲጠነክርልኝ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሲ.ኤም.ሲ የተባለውን ከተክል የሚሠራ ማጠንከሪያ ዱቄት ጨመርኩበትና ሴቲቱን ሠራሁ። ገና በእጄ ላይ ሳለች ቀሚሷ በየእጥፋቱ ተሰነጣጠቀ። ቶሎ እንድትደርቅ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ባስቀምጣት ከላይ ደረቀች፣ ውስጧ ግን ለስላሳ ስለነበር በማግሥቱ ጭንቅላቷ ወደ ትከሻዋ ሰምጦ አገኘሁት። ጀበናውም በራሱ ክብደት ተዘረጠጠ። ያንኑ ሌሊት ሁሉንም ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኳቸው፤ ጠዋት ሳወጣቸው ላብ ያሰመጣቸው ያህል ረጥበው የጥለቱ ቀለም ወደ ነጩ ቀሚስ ፈሰሰ።

ጥፋቴ የቱ ላይ እንደሆነና ያለ ጄላቲን እንዴት እንደምሠራ፣ በተለይም ጀበናውን እንዴት አድርጌ ቅርጹን እንደማስይዝ የምታውቁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም። ዛሬ ኅዳር 18 ነው፤ ከሦስት ሳምንት በላይ ጊዜ አለኝ።


የሰፈር ጋጋሪ (አዲስ አበባ)

እኅቴ፣ እንኳን ለእናትዎ 70ኛ ዓመት አደረስዎ። በቤቴ ኬክ እየጋገርኩ መሸጥ ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፤ የጻፉትም ችግር ሁሉ በየተራው ደርሶብኛል። መነሻቸው የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ልመልስልዎት።

መሰንጠቁን ያመጣው በዋነኛነት የሲ.ኤም.ሲው ብዛት ነው። ለ250 ግራም ፎንዳንት አንድ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው፤ ለግማሽ ኪሎም ሁለት። እርስዎ የጨመሩት የዚህን አራት እጥፍ ተኩል ነው። ዱቄቱ ውኃን እየሳበ ስለሚያጠነክር፣ ሲበዛ ሊጡ የሚተጣጠፍበት እርጥበት አይቀርለትም። በልኩ ከጨመሩ በኋላ ደግሞ በላስቲክ አጥብቀው ጠቅልለው ሌሊቱን ያሳድሩት፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው አድሮ ነው። የአሁኑ ወቅትም የራሱ ድርሻ አለው። ከኅዳር እስከ ጥር የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ሊጡ በእጅ ላይ ሳለ ቆዳ ያወጣል፤ ስለዚህ የማይሠሩበትን ሁልጊዜ ሸፍነው ያስቀምጡ፣ መዳፍዎንም የረጋ ዘይት በጥቂቱ ቀባ ያድርጉ። በክረምት ግን ነገሩ ተገልብጦ ሳምንት ሙሉ ቢቀመጥ የማይደርቅ ቅርጽ ያጋጥማል።

ስኳሩም ቢሆን ሊታሰብበት ይገባል። በቤት የተፈጨ ስኳር በጣት ሲነካ ደቃቅ ይመስላል እንጂ ውስጡ ያልተፈጨ ቅንጣት ይቀራል፤ ሊጡ ሲዳመጥ የሚበሳውና ጠርዙ የሚቀደደውም በዚያ ነው። መግዛት ካልቻሉ ሁለት ጊዜ ይፍጩትና በስስ የናይለን ጨርቅ ይንፉት፤ ለአንድ ኪሎም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ይቀላቅሉበት።

ፀሐይ ላይ ማድረቅ ፈጽሞ አይገባም። ላዩ በችኮላ ሲደርቅ ውስጡ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣል፣ ቅርጹም ከውስጥ ይሰምጣል። በጥላ ሥር፣ ክዳኑ በተከፈተ ካርቶን ውስጥ፣ ስፖንጅ ላይ አስቀምጠው በየግማሽ ቀኑ እያገላበጡ ያድርቁት። ፍሪጁን በተመለከተ፣ ቀዝቃዛ የስኳር ቅርጽ ወደ ሞቃት ክፍል ሲወጣ የአየሩ እርጥበት በላዩ ላይ ውኃ ይሆናል፤ ስኳር ደግሞ ውኃ ሲያገኝ ይሟሟል። ቅርጾቹ ፍሪጅን ማየት የለባቸውም።

ያለ ጄላቲን እኔ የምሠራው በአጋር አጋር ነው፤ ከባሕር ተክል የሚገኝ ስለሆነ ለጾም ይሆናል። ልኬቴ ለ900 ግራም የተነፋ ስኳር 60 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የአጋር ዱቄት፣ 120 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ ሽሮፕ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ግሊሰሪንና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የረጋ የአትክልት ዘይት ነው። ጄላቲን ለብ ባለ ውኃ ይሟሟል፤ አጋር ግን መፍላት አለበት፣ ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሦስት አራት ደቂቃ እያማሰሉ ማቆየት ያስፈልጋል። ከዚያ ግሉኮሱን፣ ግሊሰሪኑንና ዘይቱን ጨምረው ትኩስ እንዳለ ስኳሩ ላይ ያፍስሱት፤ አጋር ገና ለብ እንዳለ ስለሚረጋ ከዘገዩ በሊጡ ውስጥ ጓጉሎ ይቀራል። ይህ ሊጥ እንደ ጄላቲኑ አይለጠጥም። ለቅርጽ በጣም ጥሩ ነው፤ ትልቅ ኬክ ለመሸፈን ግን በጥንቃቄ ካልተያዘ በጠርዙ ይቀደዳል።

አሁን ወደ ጀበናው ልምጣ። ከድፍን ሊጥ የተሠራ ጀበና ውስጡ ስለማይደርቅ መዘርጠጡ አይቀርም፤ ስለዚህ ሆዱን ክፍት አድርገው ይሥሩት። ሁለት የጠረጴዛ ቴኒስ ኳሶች አጥበው ስታርች ያልብሷቸው፤ ሊጡን በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ዳምጠው እስከ ኳሱ ወገብ ድረስ ብቻ ያልብሱትና የተረፈውን በቢላዋ ይቁረጡ። በማግሥቱ ከኳሶቹ ሲያላቅቋቸው ሁለት ግማሽ ሉሎች ያገኛሉ፤ አንድ ቀን ከውስጥ በኩል እንዲደርቁ ይተዉአቸውና በሙጫ ያጋጥሟቸው። ሙጫውን ከሩብ የሻይ ማንኪያ ሲ.ኤም.ሲና ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ አዘጋጅተው ያሳድሩት፤ የእንቁላል ነጭ የሚጠቀሙ አሉ፣ ለእርስዎ ግን አይሆንም። የመጋጠሚያውን መስመር በእርጥብ ሊጥ ሞልተው በጣት ያለስልሱት። አንገቱን ለብቻው አንከባለው በመሐሉ ደረቅ ስፓጌቲ ያሳልፉበት፣ የስፓጌቲው ጫፍም ወደ ሆዱ 2 ሴንቲ ሜትር ይግባ። ጆሮውንና ቡናው የሚቀዳበትን አፍ ጎን ለጎን አስተኝተው ሁለት ቀን ካደረቁ በኋላ ብቻ ይለጥፏቸው፤ እርጥብ ጆሮ ከተለጠፈ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ማቶቱ ወፍራም ቀለበት ስለሆነ ቀላል ነው፣ ጀበናውንም አስተካክሎ ያቆምልዎታል። ጥቁሩን ቀለም ከነጭ ሊጥ ለማግኘት ብዙ ቀለም ስለሚፈጅና ሊጡን ስለሚያላላው፣ አስቀድመው ካካዎ ጨምረው ቡናማ ያድርጉትና ከዚያ ጥቁር ጄል ቀለም ይጨምሩበት። ካካዎ ስለሚያደርቅ ትንሽ ዘይት ይከተለው፤ ቀለሙም ሲያድር ስለሚጠቁር በዕለቱ ያዩትን አይመኑ።

ሴቲቱን ከታች ወደ ላይ ይሥሯት። ቀሚሷ 70 ግራም ያህል ሾጣጣ ይሁንና ሁለት ቀን ይድረቅ፤ ክንዶቿና ጭንቅላቷ ከዚያ በኋላ በስፓጌቲ ይቀጠሉ። የጥርስ መፋቂያ እንጨት እንዳያስገቡ አደራ፤ በልጆች አፍ ውስጥ አደገኛ ነው። ለፊቷ ሁለት ትናንሽ ጥቁር ነጥቦችና ስስ የአፍ መስመር ይበቃሉ፤ ብዙ ዝርዝር በገባ ቁጥር ፊቱ ይበላሻል። ሰውን ሴቲቱ እናታችሁ መሆኗን የሚነግረው የሹሩባዋ አሠራርና የነጠላዋ አጣጣል ነው፤ ድካምዎን እዚያ ላይ ያውሉት። ለስኒዎቹ 6 ግራም የሚመዝን ድቡልቡል ሊጥ በብሩሽ እጀታ ጫፍ መጎድጎድ ይበቃል፤ ውስጡ ቡናማ ቀለም የተቀላቀለበት ጠብታ ግሉኮስ ቢገባበት ልክ እንደተቀዳ ቡና ያበራል። ቄጤማው አረንጓዴ ሊጥ በነጭ ሽንኩርት መጭመቂያ ሲጨመቅ ይወጣል። እውነተኛ ፈንድሻ ግን አይበትኑ፣ እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል።


ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከላይ የተሰጠው ምክር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ እኔ የምጨምረው የጾሙን ጉዳይ ነው። እዚህ አሜሪካ ለቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር የጾም ኬክ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ሰው የሚሳሳተውም ብዙ ጊዜ በፎንዳንቱ ሳይሆን በትናንሾቹ ነገሮች ላይ ነው።

ግሊሰሪን ከአትክልትም ከእንስሳ ስብም ስለሚሠራ ከአትክልት መሆኑ የተጻፈበትን ይፈልጉ፤ በየፋርማሲው ለቆዳ የሚሸጠውንም ለምግብ የተዘጋጀ መሆኑ ካልተጻፈበት አይጠቀሙ። ለጥለቱ የሚገዙት ቀይ ቀለም ላይ ኢ 120 ወይም ካርሚን የሚል ከተጻፈ ቀለሙ የሚገኘው ከነፍሳት ነው። ለመሙያነት የጾም ክሬም ተብሎ የሚሸጠውም ከአትክልት ዘይት ይሠራ እንጂ አንዳንዱ ሶዲየም ኬዚኔት የተባለ የወተት ፕሮቲን አለበት። ጥቁር ቸኮሌትም ወተት ሊኖርበት ይችላል። እናትዎ ጠይቀው አይበሉ ይሆናል፣ በእርስዎ እጅ ላይ ስላለው እምነት ግን ማሸጊያውን ሁሉ ማንበብ ተገቢ ነው።

በአንድ ነገር ከሰፈር ጋጋሪ እለያለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው በአጋር የተቦካ ሊጥ 25 ሴንቲ ሜትር ኬክ ይሸፍናል ብዬ አላምንም። በፋብሪካ ከሚዘጋጁት ፎንዳንቶች ብዙዎቹ በጄላቲን ፋንታ የተክል ሙጫ ስላለባቸው፣ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር እንደሌለበት የተጻፈበትን መርጠው ቢገዙ ወይም ወደ አገር ቤት በሚመጣ ዘመድ ቢያስመጡ ይሻላል። ለመሸፈኛ የሚፈልጉት ሊጥ ስፋት የኬኩ ወርድና የሁለቱ ጎኖች ከፍታ ሲደመር ነው፤ የእርስዎ 45 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፣ ለመያዣ ሲጨመርበት 50፤ በ3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ከአንድ ኪሎ ጥቂት ያልፋል። ቅርጾቹን ግን በቤት ሊጥ ይሥሯቸው።

ጥለቱን ደግሞ በሊጥ ከመለጠፍ ይልቅ ቀሚሱ ከደረቀ በኋላ በቀጭን ብሩሽ መሣል ይመረጣል። ጄል ቀለሙን በውኃ ካቀጠኑት ስኳሩን ያሟሟዋል፤ በንጹሕ ነጭ አረቄ ወይም ቮድካ ካቀጠኑት አልኮሉ ወዲያው ስለሚተን መስመሩ ሳይፈስ ይደርቃል። መጀመሪያ በመርፌ ጫፍ ስስ መስመር ጫር አድርገው በዚያ ላይ ይሣሉ። የእናትዎ የክት ቀሚስ ጥለት ምን ዓይነት እንደሆነ ታውቃለችና፣ ያንኑ ጥለት ይቅዱላት።


የመጨረሻዋ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲ.ኤም.ሲውን በነገራችሁኝ ልክ አቡክቼ ትናንት ሁለቱን የጀበና ግማሾች ከኳሶቹ ላይ አላቀቅኳቸው፤ አንዱም አልተሰነጠቀም። የእናቴን የክት ቀሚስም እኅቴ በድብቅ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ፤ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ነው፣ ስለዚህ የቀዩ ቀለም ጉዳይ ቀረልኝ።

የቀሩኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። በጾም ኬኮቼ ላይ ሁልጊዜ የምቀባው የአትክልት ክሬም ከፎንዳንቱ ሥር ይሆን እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ደግሞም የምጋግረው አያት ሰፈር በሚገኘው ቤቴ ሲሆን ድግሱ ሽሮ ሜዳ ነው፤ የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ።


ድሬዎች (ድሬዳዋ)

የተመታ ክሬም፣ የጾምም ይሁን የወተት፣ ከፎንዳንት ሥር አይሆንም። ውስጡ ያለው ውኃ ስኳሩን ከሥር ያሟሟዋል፣ ልስላሴውም የፎንዳንቱን ክብደት አይሸከምም፤ ጎኑ ጎብጦ ወደ ታች ይሸሻል። በክሬም የለመድን ሰዎች ፎንዳንት አልሆን የሚለን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ለውስጥ መሙያ ማርመላታ ያድርጉ፤ ለውጭው ደግሞ ሁለት እጅ ጥቁር ቸኮሌት በአንድ እጅ ወፍራም የኮኮናት ወተት አቅልጠው ጋናሽ ይሥሩ። ኬኩን በዚህ ለብጠው ጎኑን በሰፊ ቢላዋ ያስተካክሉና በክፍሉ ሙቀት ያሳድሩት፤ ጠዋት ጠንክሮ ያገኙታል። ፎንዳንቱ እንዲይዝ ጋናሹን በትንሽ ውኃ ማርጠብ ብቻ ይበቃል።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። የጌጡን ሁሉ ቦታ በኬኩ ላይ ከማድረግ ይልቅ፣ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሰሌዳ ከ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሊጥ ሠርተው አራት አምስት ቀን ያድርቁትና ቄጤማውን፣ ረከቦቱን፣ ሴቲቱን በዚያ ላይ ይትከሉ። ኬኩ ሳይቆረጥ ሰሌዳው እንዳለ ይነሣል፤ ልጆች ተሻምተው ከሚሰብሩት እናታችሁ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ከእርጥበትና ከፀሐይ ብርሃን የራቀ የደረቀ የስኳር ቅርጽ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ለእኔ እንዲያውም ሰሌዳው ካለ ኬኩን በፎንዳንት መሸፈኑ ራሱ አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው ሽፋኑን ከሳሕኑ ዳር አድርጎ ነው የሚተወው።


የሰፈር ጋጋሪ

የሰሌዳው ሐሳብ በጣም ጥሩ ነው፤ እኔ ባለማንሣቴ ቆጨኝ። ሽፋኑን ግን አይተዉት። አረንጓዴው ቄጤማና ጥቁሩ ጀበና የሚደምቁት በነጭ ላይ ነው፤ በቡናማ ጋናሽ ላይ ጀበናው ይጠፋል። እኅታችን ከሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውንም ተቀብያለሁ፤ ለሽፋኑ የተገዛ፣ ለቅርጹ የቤት ይሁን። መርካቶ ያሉትን የኬክ ዕቃ መሸጫዎች ይጠይቁ፤ ማሸጊያውን ሳያነቡ ግን እንዳይገዙ።

ሰሌዳው ከነቅርጾቹ ከባድ ስለሚሆን ኬኩ ውስጥ አምስት ወፍራም ስትሮዎች በኬኩ ቁመት ልክ ቆርጠው ይትከሉ፤ ክብደቱን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። የጾም ኬክ እንቁላል ስለሌለው ቀላልና ፍርክስ ያለ ነው፤ ያለ ድጋፍ መሐሉ ይጎደጉዳል።

ቀኑን እንዲህ ቢያከፋፍሉት ይበጃል። እስከ ኅዳር 30 ጀበናው፣ ረከቦቱና ሰሌዳው ተሠርተው መድረቅ ይጀምሩ። ሴቲቱን ከታኅሣሥ 1 እስከ 5 ይጨርሷት፤ ጥለቱንም በ7 ይሣሉ። ኬኩን በ10 ይጋግሩ፣ በዚያው ምሽት ጋናሹን ይቀቡ፣ በ11 ይሸፍኑ። ከዚያ በኋላ ፍሪጅ አይግባ፤ በዚህ ወቅት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በካርቶን ሆኖ ቢያድር ምንም አይሆንም።

ለመንገዱ ኬኩንና ሰሌዳውን በየራሳቸው ካርቶን ይለዩአቸው፤ ኬኩ ከመኪናው ወለል ላይ ይቀመጥ እንጂ በሰው ጭን ላይ አይሁን፤ ጭን ያጋድላል፣ ሙቀትም አለው። ጀበናውን ሰሌዳው ላይ አይለጥፉት፤ ለብቻው በጥጥ ጠቅልለው ይያዙትና ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ ማቶቱ ላይ ያስቀምጡት። ሙጫውን በትንሽ ብልቃጥ፣ ብሩሽና ጥቂት ስፓጌቲም ይዘው ይሂዱ። የጀበና ጆሮ በመንገድ ላይ ቀድሞ የሚሰበር ስለሆነ፣ ከአሁኑ ሁለት ትርፍ ጆሮዎች ሠርተው አብረው ያድርቁ።